የፓዌው የማንጎ እርሻ፦ ማንጎው ግሩም፣ ሰሌዳው ግን ይነሳ

ለቸኮለ ሰው ባጭሩ፦ ማንጎው ግሩም ነው። የደረቀው ማንጎ ከዚያም ይበልጣል። ምሳው ይጣፍጣል ግን ያስጠብቃል። ጁሱን እለፉት። መግቢያው ላይ የተተከለውን ሰሌዳ ደግሞ ባታነቡት ይሻላል፤ እሱ ላይ ከታች እመለስበታለሁ፣ ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው።

ቦታው ፓዌ ነው፣ ቤንሻንጉል ጉሙዝ፣ መተከል ዞን ውስጥ። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው መንገዱ በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ በቻግኒ አድርጎ ወደ ግልገል በለስ ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ ፓዌ ቅርብ ነው። መውረድ ያልኩት የምሬን ነው፤ እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ ፓዌ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ። ጠዋት እንጅባራ ላይ ጋቢ ተከናንቦ ሻይ የጠጣ ሰው ከሰዓት ፓዌ ላይ ጥላ ፍለጋ ይሯሯጣል።

እርሻው የአንድ ቤተሰብ ነው። ቅሬታም ስላለኝ ስሙን ትቼዋለሁ። ፓዌ ገብታችሁ ምሳ የሚበላበት የማንጎ እርሻ ካላችሁ ባጃጁ ራሱ ይወስዳችኋል። የሚሸጡት ማንጎ በኪሎና በሳጥን፣ የደረቀ ማንጎ በላስቲክ፣ የተቆላ ኦቾሎኒ፣ ጁስ፣ እና ዛፍ ሥር የሚቀርብ ምሳ ነው። በተጨማሪም «ጉብኝት» የሚባል ነገር አለ፤ ትንሽ ብር ከፍላችሁ የባለቤቱ ልጅ እርሻውን እያዞረ ያሳያችኋል።

እንግዲህ ወደ ሰሌዳው። በትልቁ «ከጥንት ከአባቶቻችን የወረስነው የተፈጥሮ እርሻ» ይላል። ከጎኑ የጎጆ ቤትና የበሬ ሥዕል አለ።

ኧረ ተዉ! ጥንት ማለት እዚህ ቤት 1977 ዓ.ም ነው። በሬ ደግሞ እዚህ ቆላ ውስጥ ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ ስንቱን እንደጨረሰው የሠፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። እርሻውን የመሠረቱት አባት ዛሬም በሕይወት አሉ፤ በስልሳዎቹ ውስጥ ናቸው፣ ከሰሌዳው ትንሽ ፈንጠር ብለው ማንጎ ሥር ተቀምጠው ኦቾሎኒ ይፈለፍላሉ። ከየት እንደመጡ ስትጠይቋቸው አይደብቁም። «ከወሎ ነው የመጣሁት፣ በሰፈራ» ይላሉ። ልጅየው ግን ለእንግዳ ሲያስጎበኝ ስለ አፈሩ፣ ስለ ኦርጋኒክ፣ ስለ ንጹሕ አየር ያወራና ያልፋል። እኔ የምለው፣ የዚህ እርሻ ትልቁ ሀብት ታሪኩ ነው፣ እነሱ ደግሞ እሱን ደብቀው ከየትም የሚገኝ የማስታወቂያ ወሬ ይሸጣሉ።

ለማታውቁት ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1977 ወሎ፣ ትግራይና ሰሜን ሸዋ በረሃብ ሲያልቁ ደርግ ካመጣቸው መፍትሔዎች አንዱ ሰፈራ ነበር። ዕቅዱ 1.5 ሚሊዮን ሰው ከተራቆተው ሰሜን አንሥቶ ወደ ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ ማስፈር ነው፦ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላ፣ እና ያኔ በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር የነበረው መተከል። በዓመት ከምናምን ውስጥ ወደ 600,000 ሰው ተጓጓዘ፣ በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪና፣ በሶቭየት አንቶኖቭ አውሮፕላን። በፈቃዱ የሄደ አለ። እህል ሊቀበል ወጥቶ እዚያው መኪና ላይ የተጫነም አለ። ባል አንድ ጋ፣ ሚስት ሌላ ጋ የወረዱበት ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የሚባለው የፈረንሳዮቹ ድርጅት ይህን በአደባባይ ሲናገር በ1978 ከአገር ተባረረ።

መተከል የደረሰው ወደ 80,000 ሰው ነው። ብዙው ከወሎ ነበር፣ ሌላው ከሰሜን ሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከከምባታና ሃዲያ። የሰፈሩባቸው መንደሮች ስም እንኳ አልወጣላቸውም፤ ቁጥር ብቻ። መንደር 1፣ መንደር 2 እያለ ወደ 50 ተጠጋ። ዛሬም አጠራሩ ያው ነው። ባጃጅ ላይ ወጥታችሁ «መንደር 7 ነው 14?» ስትባሉ እንዳትደነግጡ፤ ሰዉ «የመንደር 14 ልጅ ነኝ» ሲል አራዳ «የፒያሳ ልጅ ነኝ» በሚልበት ኩራት ነው።

ሽማግሌው ሲመጡ ሃያ ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላቸውም ነበር። እኔ «አባባ» እያልኩ ስጠይቃቸው እሳቸው «ልጄ» እያሉ እየሳቁ ይመልሳሉ፣ ግን የሚያወሩት የሚያስቅ አይደለም። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ወባው ሰዉን እንዴት እንዳጨደው ይነግሯችኋል። ደገኛ ሰው ነው፣ ወባን አያውቃትም። ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ነው፣ ቀርቀሃው ጥቅጥቅ ያለ፣ ሙቀቱ ሌላ። ጠዋት አብሮህ ሲቆፍር የዋለ ሰው በሦስተኛው ቀን ቀብሩ ላይ ትቆማለህ አሉኝ። ይህን ሲሉ ልጅየው መጥቶ «አባዬ፣ እንግዶቹን በሐዘን አታድክማቸው» አለ። እኔ ደግሞ የመጣሁት ለዚሁ ነበር።

ቀጥሎ ጣሊያኖቹ መጡ። የጣና በለስ ፕሮጀክት የሚባለው ነው፣ በጣሊያን መንግሥት ገንዘብ የተሠራው። ሥራውን የያዘው የጣሊያኑ ተቋራጭ ሳሊኒ ነበር፤ አዎ፣ ኋላ የጣና በለስን የኃይል ማመንጫና የህዳሴን ግድብ የሠራው ያው ሳሊኒ። ጫካው ተመነጠረ፣ መንገድ ወጣ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ተሠራ፣ ሆስፒታል ተገነባ። ሆስፒታሉ ዛሬም አለ፣ መተከልን የሚያክመው እሱ ነው። የግብርና ምርምር ማዕከሉም የዚያ ዘመን ልጅ ነው፤ ዛሬ አኩሪ አተር ሲነሳ ፓዌ የሚጠራው በእሱ ነው።

እርሻው ያኔ የጋራ ነበር። በሬ በገንዲ ስለሚያልቅ የሚያርሰው ትራክተር ነው። ሰዉ ያርማል፣ ያጭዳል፣ ምርቱ ጎተራ ይገባል፣ ራሽን በየወሩ ይሰፈርለታል። ገበሬ ሆኖ በራሽን መኖር ለወሎ ሰው ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ለቤተሰብ የሚተወው ጠባብ የጓሮ ቦታ ብቻ ነበር። ሽማግሌው ከችግኝ ጣቢያ ያገኟቸውን የማንጎ ችግኞች የተከሉት እዚያች ጓሮ ላይ ነው። ለምን ማንጎ ብላቸው «ሌላ ምን ሰጡን?» አሉ።

ከዚያ 1983 መጣ። ፕሮጀክቱ ተዘጋ፣ ጣሊያኖቹ ሄዱ፣ ደርግ ወደቀ። ትራክተር የሚነዳ የለም፣ ራሽን የለም፣ ካድሬ የለም። ግማሹ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ መንገድ ጀመረ፣ በእግሩ የሄደም ነበር። የቀረው የጋራውን ማሳ ተከፋፍሎ በዶማ መቆፈር ያዘ። የእኚህ ሰው ማንጎ ደህና አድርጎ ማፍራት የጀመረው እንግዲህ ይሄኔ ነው፣ ሁሉም ነገር ከፈረሰ በኋላ።

«ልጄ፣ የጋራው ማሳ የማንም አልነበረም» አሉኝ። «ይቺ የጓሮዋ ግን የኔ ነበረች። ከበለስ ወንዝ ውሃ ተሸክሜ ያጠጣሁት እሷን ነው።»

ይኼን ሰሌዳ ላይ ጻፉት! ስንት ሚሊዮን የፈሰሰበት ፕሮጀክት ተበትኖ የቀረው አንድ ወጣት በባልዲ ያጠጣው ጓሮ ነው። ዛሬ የምትበሉት ማንጎ ከዚያ ነው የመጣው። አሮጌዎቹ ዛፎች ከቤቱ ጀርባ በሰልፍ ቆመዋል፣ ግንዳቸው ሁለት ሰው ተያይዞ አይከበውም። ልጅየው ግን ጉብኝቱን የሚጀምረው ከአዲሶቹ የተዳቀሉ ዛፎች ነው፣ አሮጌዎቹ ጋ ስትደርሱ «እነዚህ ደግሞ ያው የድሮ ናቸው» ብሎ ያልፋል።

ስለ ማንጎው ላውራ። ሁለት ዓይነት ነው ያለው። የድሮው የአገር ማንጎ ትንሽ ነው፣ ጭረት ይበዛዋል፣ ጥርስ ውስጥ ይገባል፣ በልታችሁ ስትጨርሱ ስንጥር ትፈልጋላችሁ። ጣዕሙ ግን፣ ምን አለፋችሁ፣ ማር ነው፤ ጠረኑ ከሩቅ ይጠራል። አዲሶቹ የተዳቀሉት አፕል ማንጎና ቶሚ አትኪንስ ናቸው፤ ትልልቅ፣ ቀላ ያሉ፣ በቢላ ሲቆረጡ የሚያምሩ። ለዓይን እነሱ፣ ለአፍ የድሮው። የድሮውን የሚሸጡት ደግሞ በርካሽ ነው፣ እንደ ተራ ነገር፣ ሳጥን ሙሉ። ከቀረበላችሁ ሳታመነቱ እሱን ውሰዱ።

ሲያቀርቡላችሁ ግን ልጣጩን እዩት። ቆዳው ላይ ሮዝ ነጠብጣብ ካለ፣ ቅጠሉ ላይ ደግሞ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነገር ካያችሁ፣ ያ ነጩ የማንጎ ተባይ ነው። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ2002 ምሥራቅ ወለጋ ላይ ነው፣ ከዚያ ወዲህ በምዕራቡ ሁሉ ተዛመተ። ፍሬው ይበላል፣ ውስጡ ምንም አይሆንም። ግን ቶሎ ይበላሻል፣ ነጋዴም ዋጋ ይሰብርበታል። ልጅየው ይህን በግልጽ ነው የነገረኝ፣ ለዚህ አመሰግነዋለሁ፤ አሮጌዎቹ ዛፎች ከመርዘማቸው የተነሳ መድኃኒት ጫፋቸው ስለማይደርስ እየገረዙ እያሳጠሯቸው ነው። የደረቀ ማንጎ የጀመሩትም በዚህ ምክንያት ነው፣ ቆዳው ያላማረውን ልጠው፣ ቀጭን አድርገው ቆርጠው፣ ወንፊት ላይ ፀሐይ ያደርቁታል።

እሱን የደረቀውን ግዙ። ስኳር የለበትም፣ ምንም የለበትም። ሲያኝኩት መጀመሪያ ይከርራል ከዚያ ይለሰልስና ጠረኑ ይመጣል። ችግሩ የላስቲኩ አስተሻሸግ ነው፤ አፉ በሻማ ተተኩሶ ነው የተዘጋው፣ ከአንዱ ላስቲክ ጎን በኩል ጉንዳን ገብቶ ነበር። ስነግራቸው ወዲያው ቀየሩልኝ፣ ግን የቀየረችልኝ ልጅ ያንኑ ላስቲክ መልሳ መደርደሪያ ላይ ስታስቀምጠው አይቻለሁ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት አገላብጡት።

ጁሱን እለፉት ያልኩት ውሃ ስለሚበዛው ነው። ማንጎ ላይ ተቀምጦ ማንጎ የሚቆጥብ ቤት ማየት ጉድ ነው። በዚያ ላይ ስኳር ይጨምሩበታል።

ኦቾሎኒው ሌላ ታሪክ አለው። የሚቆላው ከቤቱ ጎን ባለ ክፍት ማድቤት ነው፣ እትዬ፣ የሽማግሌው ባለቤት፣ ናቸው የሚቆሉት። ምጣዱን አስተውሉት። ጎድጎድ ያለ፣ ከባድ፣ ጠርዙ የተበላ ብረት ነው። መሐሉ ላይ ቀዳዳ ነበረው፣ በቡሎን ተደፍኗል። የትራክተር ማረሻ ዲስክ ነው! ትራክተሮቹ ቆመው ዝገው ሲበታተኑ ሰዉ ያገኘውን አነሣ፣ ለእነሱ የደረሳቸው ይቺ ናት። እትዬ ሙቀት እኩል ስለምታዳርስ ከገበያ ምጣድ ትበልጣለች ይላሉ። እውነታቸውን ነው መሰለኝ፣ ከኦቾሎኒው አንድም ያረረ አላገኘሁም። አንዱ የሙዚየም ሰው ይህን ምጣድ ቢያይ መስታወት ውስጥ ያስገባው ነበር፣ እዚህ ቤት ግን ጉብኝቱ ማድቤት አይደርስም።

ምሳው ዳጉሳ የተቀላቀለበት እንጀራ፣ ሽሮ፣ ጎመንና የባሚያ ወጥ ነው። ሰዓት ይፈጃል። እኔ ካዘዝኩ በኋላ ነው እንጨቱ ሲፈለጥ የሰማሁት። ለቸኮለ አይሆንም፣ ላልቸኮለ ግን ጥላው አለ፣ ወፉ አለ፣ ኦቾሎኒው አለ። ሽሮው ላይ በርበሬ አብዝተዋል፣ ወሎ ናቸውና ይቅር ብያለሁ። ባሚያው ግን አንደኛ ነበር፣ ልጥልጥ ብሎ፣ በለውዝ ዱቄት ወፈር ብሎ። ከየት ተማሩት ብዬ እትዬን ስጠይቃቸው «ከጉሙዞቹ ነዋ» አሉ። «እኛ ስንመጣ የሚበላና የማይበላውን ቅጠል ያሳዩን እነሱ አይደሉ?»

ሰሌዳው ላይ የሌለው ሁለተኛው ነገር ይሄ ነው፣ ጉሙዝ። ከሰፋሪው በፊት እዚህ ሰው ነበር። ጉሙዞች አንዱን ማሳ ጥቂት ዓመት አርሰው ያሳርፉትና ወደ ሌላው ይዛወራሉ፣ ያድናሉ፣ ማር ይቆርጣሉ። ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሥልጣን ያረፈውን ማሳ አይቶ «ባዶ መሬት» አለው። ትራክተሩ ሲመጣ እነሱ ወደ ዳር ተገፉ። ቂሙ የተጀመረው ያኔ ነው፣ ሰፋሪውም ቢሆን ፈልጎ አልነበረም የመጣው። በ1983 የመንግሥት ለውጥ ማግስት ደም ፈሷል። በ2012 እና 2013 መተከል ውስጥ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን፣ ስንቱ ሞተ፣ ከ100,000 በላይ ሰው ተፈናቀለ።

ሽማግሌውን ስለዚህ ጠየቅኳቸው፣ ትንሽ ፈራ ተባ እያልኩ። «መሬቱ ባዶ ነው ብለው ነው ያመጡን፣ ስንደርስ የሰው ዱካ አየን» አሉ። ከዚያ የአንድ ጉሙዝ ጎረቤታቸውን ነገር አወጉኝ፤ ወባ ሲጥላቸው ሥር ቀቅሎ ያጠጣቸውን፣ እሳቸውም በኋላ በክፉ ቀን የእሱን ልጆች ቤታቸው ያሳደሩትን። ስም ስላነሱ እዚህ አልዘረዝረውም። ልጅየው ግን ይሄ ርዕስ ሲነሳ ፊቱ ይለዋወጣል። «ፖለቲካ አናስገባ ወንድሜ፣ ደንበኛ ይሸሻል» አለኝ። አልፈርድበትም፣ እዚያ የሚኖረው እሱ ነው፣ እኔ ነገ ሄጃለሁ። ግን ታዲያ «ከጥንት ከአባቶቻችን» የሚለውን ማን ጻፍ አለው? ዝም ማለትና መዋሸት ለየቅል ናቸው። ጉሙዙ አንብቦት ሲያልፍ ምን እንደሚሰማው አስቡት፣ አባቱ ያሳረፉት ማሳ ላይ ተተክሎ።

ይሄን በደንብ ነግሬዋለሁ፣ ሰሌዳውን አንሥቶ «1977፣ መንደር እንትን» ብሎ ቢጽፍ ሰው ጭራሽ ይመጣል ብዬ። ሳቀ፣ «እናየዋለን» አለ። እናየዋለን ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

አገልግሎቱን በተመለከተ ሌላ ቅሬታ ብዙም የለኝም። ሽንት ቤቱ የጉድጓድ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ውሃው በጀሪካን ነው። ወንበሮቹ ከቀርቀሃ የተሠሩ ናቸው፣ ሁለቱ ይወዛወዛሉ፣ ግንዱ አጠገብ ያለውን ያዙ። ቡና ሦስቱንም ስኒ ያፈላሉ፣ በረካውን ሳይጠጡ መነሳት አይቻልም፤ ልነሳ ስል ሽማግሌው «አብሽር፣ ተቀመጥ፣ ገና ነው» ብለው መልሰው አስቀመጡኝ። ቡናው ለብቻው ሒሳብ አልተያዘበትም። ለጉብኝቱ የከፈልኩት ግን ቆጭቶኛል፤ ነፃ የሆነው የአባትየው ወሬ በገንዘብ ከተገዛው የልጅየው ጉብኝት በብዙ ይበልጣል። ጉብኝቱን ትታችሁ ኦቾሎኒ ግዙ፣ ሽማግሌው አጠገብ ተቀመጡ፣ መፈልፈል አግዟቸው። እጅ ሲሠራ አፍ ይፈታል፣ ራሳቸው ይጀምሩላችኋል።

የምትሄዱ ከሆነ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሂዱ፣ ማንጎው የሚደርሰው ያኔ ነው። በክረምት የመንደር ውስጥ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ወባውም ያኔ ይብሳል፤ በየትኛውም ወቅት አጎበር ያለው ማደሪያ ፈልጉ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ከቻግኒ ሹፌሮች ጠይቁ፣ እነሱ ከማንም በፊት ይሰማሉ። ምሳ የምትፈልጉ ጠዋት ደውላችሁ እዘዙ። ማንጎ በሳጥን የምትወስዱ ደግሞ ያልበሰለውን፣ ገና ጠንከር ያለውን አስመርጡ፣ በሣር አስደርድሩት፤ የበሰለውን ከጫናችሁ እንጅባራ ሳትደርሱ መኪናው ውስጥ ጁስ ይሆናል። ጥሬ ብርም ያዙ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብር አይሠራም።